ምርቃቱ ላይ ሁላችንም ነበርን

በዋሽንግተንና አካባቢዋ በሚኖረው ወገናችን ዘንድ ቤት መግዛት ከሠርግ አያንስም። ቄስ ተጠርተው ጠበል ይረጫሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ሰው ይሰበሰባል። ያው ባለቤት ሥራ ቀዝቅዞበት ሁለት ወር ሞርጌጅ ሳይከፍል ሲቀር ግን ለወንድሙ እንኳ ትንፍሽ አይልም። የባንኩ ፖስታ ሳይከፈት ፍሪጅ ላይ ይከመራል፤ እንግዳ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ብዙ ቤት የሚያስወስደው ይህ ዝምታ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ጊዜ አለ። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር አበዳሪው በአብዛኛው ፎርክሎዠር፣ ማለትም ቤቱን በዕዳ የመውሰድ ሂደት፣ መጀመር አይችልም። በእነዚያ አራት ወራት የተሟላ የእርዳታ ማመልከቻ ያስገባ ሰው፣ ማመልከቻው ሳይታይ ሂደቱ አይጀመርበትም። ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደየግዛቱ ነው። ሜሪላንድ ጉዳዩ በፍርድ ቤት በኩል ያልፋል፣ ሽምግልናም መጠየቅ ይቻላል። ቨርጂኒያ ግን ብዙውን ጊዜ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ቤቱ ለጨረታ ይወጣል።

ለዚህ ጊዜ ተብለው የተቋቋሙ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች አሉ። ሃድ ከሚባለው የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ዕውቅና ያገኙ አማካሪዎቻቸው ቤቱ ሊወሰድበት ለተቃረበ ሰው የሚሰጡት ምክር በነፃ ነው። አማካሪዋ የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት ታስመጣለች፣ የወር ወጪ መስመር በመስመር ታስጽፋለች። ቅጹ ላይ «ለእናቴ የምልከው» የሚል መስመር የለም፤ እባካችሁ ጻፉት! እሱን ደብቆ የወጣ ስሌት ሁለት ወር አይዘልቅም። ከዚያ የፈቃድ ፊርማ ትወስድና አጠገባችሁ ሆና አበዳሪው ጋ ትደውላለች። ውዝፉ ወደ ብድሩ መጨረሻ ሊገፋ፣ የመክፈያው ዘመን ሊረዝም፣ ወርኃዊው ክፍያ ሊቀንስ ይችላል። ገቢው ጨርሶ ከቀረ ደግሞ ጨረታ ሳይቀድም ሽጡት ትላለች፤ ያም ቢሆን የተጠራቀመውን ገንዘብ ያተርፋል።

«ቤትዎን እናድናለን» ብሎ ቀብድ ከሚጠይቅ ራቁ። ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ከአበዳሪው የጽሑፍ መፍትሔ አምጥተው ደንበኛው ሳይቀበለው ክፍያ መውሰድ ተከልክለዋል። የቤቱን ባለቤትነት ለጊዜው በስሜ አዙረው የሚላችሁንማ በር አታስገቡት።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ የበርሊንግተን፣ ቨርሞንት ነገር ነው። በርኒ ሳንደርስ የከተማዋ ከንቲባ ሳለ፣ በ1984፣ ከተማዋ 200 ሺህ ዶላር መነሻ ሰጥታ አንድ የመሬት ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ መሬቱን ይዞ ይቀራል፣ ገዢው ቤቱን ብቻ በቅናሽ ይገዛል። ሲሸጥም ዋጋው ከጨመረው ላይ ሩቡን ይወስዳል፤ የቀረው ለቀጣዩ ገዢ ቅናሽ ሆኖ ይቆያል። «ታዲያ ምኑን ገዛሁት?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤት ማለት ለእኛ የልጅ ውርስ ነውና። ከኪራይ ሊወጣ ላልቻለ የፓርኪንግ ሠራተኛ ግን ሩቡ ከምንም ይሻላል። ደግሞ ቁጥሩን እዩት። በ2010 መጨረሻ፣ ያ ሁሉ ቤት በሚወሰድበት ዘመን፣ በመላ አገሪቱ በእንዲህ ዓይነት ማኅበራት በኩል ከገዙት መካከል ፎርክሎዠር ላይ የነበሩት 0.46 በመቶ ናቸው፤ በተለመደው ገበያ 4.63 በመቶ። ማኅበሩ ገዢው የሚፈርመውን ብድር አስቀድሞ ያያል፣ ቁልፉን ካስረከበ በኋላም አይጠፋም። አንድ ወር ሲያልፍበት የሚደውልለት ሰው አለ።

ማኅበር መሆን ብቻውን ግን አያድንም። የዚህ አሠራር ጀማሪ የሚባለው በ1969 ጆርጂያ ውስጥ ለጥቁር ገበሬዎች የተቋቋመው ኒው ኮሚዩኒቲስ ነው። ድርቅ መታው፣ የፌዴራሉ የእርሻ መሥሪያ ቤት ለሌሎች የሚሰጠውን የአደጋ ጊዜ ብድር ከለከለው፣ በ1985 እሱ ራሱ መሬቱን በፎርክሎዠር አጣ።

እኛ የመሬት ማኅበር የለንም፤ እድር ግን አለን። የእድሮቻችን ደንብ ሰው ሲሞት ስንት እንደሚከፈል፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ማን እንደሚሯሯጥ በዝርዝር ይናገራል። አባል ቤቱ ሊወሰድበት ሲል ምን እንደሚደረግ ግን አንድ አንቀጽ ያለው እድር አላጋጠመኝም። ብር እንዲያዋጣ አይደለም የምለው፤ ያ ሌላ ጭቅጭቅ ይወልዳል። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን አንድ አማካሪ ተጋብዛ ግማሽ ሰዓት ትናገር። ምስጢር የሚጠብቁ፣ እንግሊዝኛውን የሚችሉ ሁለት አባላት ይመረጡና አባል ሲደውልላቸው አብረውት ይሂዱ፣ ፖስታውን አብረውት ይክፈቱ። የጉባኤው አጀንዳ ገና ካልተዘጋ ለጸሐፊው ዛሬውኑ ማስመዝገብ ነው።