የተመራማሪ ሚዛን

ተመራማሪን ባሳተማቸው ጽሑፎች ብዛት መመዘን በዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ነው። ሚዛኑ ግን ጎዶሎ ነው እንላለን።

ለጨረር ሕክምና ከሰበታ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የምትመላለስ የጡት ካንሰር ታማሚን እናስብ። ሕክምናው 15 ቀን ቢታዘዝላት 15 ጊዜ ደርሶ መልስ ትሳፈራለች፤ የአስታማሚዋም የሥራ ቀን አብሮ ይባክናል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በላንሴት መጽሔት የታተመ የብሪታንያ ጥናት 4,096 ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ በ15 ቀን የሚሰጠውን 40 ግሬይ ጨረር በ5 ቀን የሚሰጥ 26 ግሬይ ሊተካው እንደሚችል አሳይቷል። የመጠኑ ስሌት የፊዚክስ ነው፤ የሚቀረው 10 ጉዞ ግን የታማሚዋ ትርፍ ነው።

ሆኖም ጥናቱ በሽታው ሳይስፋፋ የተደረሰባቸውን ይመለከታል፤ በአገራችን ብዙዎች ዘግይተው ይመጣሉ። ስለዚህ የሰበታዋን ታማሚ ቀንና ወጪ የሚቆጥር ጥናት የእኛው ዕዳ ነው። እንዲህ ያለው አንድ ጽሑፍ፣ ማንም ከማያነባቸው ሃያ ይበልጣል።