የተቃጠለ ግድግዳ ጠባቂው ማን ነው?

በመስከረም 2009 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በሰበታ ከተማ ሳይጊን ዲማን የመሰሉ ፋብሪካዎች እሳት በበላቸው ጊዜ፣ የሀገሩ ጨዋታ ሁሉ እሳቱን ማን ለኮሰው፣ ስንቱ ሠራተኛ እንጀራው ተቋረጠ፣ የውጭ ባለሀብትስ ከእንግዲህ ይመጣል ወይ የሚል ነበር፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከእንዲህ ያለ ቃጠሎ በኋላ ጣራው ወርዶ፣ ብረቱ ተጣሞ፣ ረጅሙ የብሎኬት ግድግዳ ያለ ማገር ብቻውን ሲቀር፣ መርምሮ «ይህ ይቁም፣ ያ ይውረድ» ብሎ የሚፈርደው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ያኔም አልሰማሁም፤ ዛሬም አልሰማም።

እሳት ሕንጻን የሚጎዳው በሚነድበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ብረት ሙቀቱ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ከኃይሉ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ከዚያም አስቀድሞ ይረዝማልና፣ 10 ሜትር የሆነ ተሸካሚ ብረት ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ቢጨምር 6 ሴንቲሜትር ያህል ተዘርግቶ ያረፈበትን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ተሰብስቦ የገፋውን ያለ ደጋፊ ይተወዋል። ኮንክሪትም ከ300 ዲግሪ በላይ እየደከመ ይሄዳል፤ አንዳንዱ መልኩ ወደ ሮዝ ስለሚለወጥ ጉዳቱን ራሱ ይናገራል፣ አንዳንዱ ግን እንደ ጠጠሩ ባሕርይ ምንም ሳይለወጥ ዐይንን ያታልላል፤ ስለዚህም መሐንዲሱ በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ በቱንቢም የግድግዳውን ዝንባሌ ይለካል። በዚያው በ2009 ዓ.ም. በወርኀ ጥር፣ በቴህራን የፕላስኮ ሕንጻ እሳቱን ለማጥፋት በገቡት ሠራተኞች ላይ ተደርምሶ ብዙዎቹን መቅበሩን ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቷል።

በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ መጋዘንና የእንጨት ሥራ ቤት ከመኖሪያ ቤት ጋር በአንድ አጥር በሚጎራበትበት ሰፈር፣ እሳት በጠፋ ማግስት የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ባለንብረቱ ከዐመዱ ውስጥ የሰነድ ሣጥኑን ሊፈልግ፣ ቆራሌው የተጣመመውን ፌሮ ሊለቅም፣ ሕፃናትም ጉድ ሊያዩ ይገባሉ። ከአዲስ አበባ በጅማው፣ በአምቦው ወይም በጎጃሙ መንገድ ለእርዳታ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ጥሪ ይጠብቃቸዋልና ግድግዳ ሲጠብቁ ሊያድሩ አይችሉም። እነርሱ ከሄዱ በኋላ የእንጦጦን ጀርባ ይዞ የሚነፍሰው የሱሉልታ ነፋስ የሚያደርገውን ማንም አይከለክለውም።

ማፍረስማ እናውቅበታለን! እነዚህ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉበት በ2015 ዓ.ም.፣ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች የፈረሱበትን አኳኋን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር ተችቶታል። ሰው የሚኖርበትን ቤት ለመናድ ያልታጣው ዶዘር፣ ሰው ሊገድል ለተዘጋጀ ግድግዳ እንዴት ይታጣል? ይሁንና እኔ የምለምነው ያንኑ ዶዘር አይደለም፤ የተቃጠለ ሕንጻ አፈራረስ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ሆኖ፣ በረጅም ክንድ መሣሪያ በጥቂት በጥቂቱ የሚከናወን፣ ከሚወርደው ይልቅ ለሚተርፈው የሚጨነቅ ጥበብ ነውና።

በፓሪስ የምትገኘው የእመቤታችን ካቴድራል፣ ኖትር ዳም፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ከተቃጠለች በኋላ፣ እንደገና መታነጽ ሳይጀመር ከሁለት ዓመት የበለጠ ጊዜ የፈጀው ሕንጻውን ከመውደቅ የመጠበቅ ሥራ ብቻ ነበር፤ በእሳት ቀልጦ የተጣበቀው 40,000 ያህል የመወጣጫ ብረት እየተቆረጠ ወረደ፣ ቅስቶቹም በእንጨት ተደገፉ። እኛም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተቃጠለ ጊዜ ጃዛምባ የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ ብናጣም፣ ከምኒልክ ዘመን የቆየው ቅርስ ተጠግኖ ሥራውን ቀጥሏል። የተቃጠለ ሁሉ የሚናድ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ፋብሪካን ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ከምድብ «ሐ» ሕንጻዎች ቆጥሮታል፤ ይህ ጥንቃቄ ሕንጻው ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲቃጠልም ሊከተለው ይገባል። የሸገር ከተማ አስተዳደር በየክፍለ ከተማው በቀንም በሌሊትም የሚጠራ አንድ መሐንዲስ ይሰይም፤ ይህም ሰው እሳቱ ሳይጠፋ በስፍራው ተገኝቶ የግድግዳውን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ዙሪያውን የማስከለል፣ ለፖሊስና ለኢንሹራንስ ማስረጃ የሚሆነውን ፎቶግራፍ ካስነሣ በኋላም የሚደገፈውን በብረት ወይም በባሕር ዛፍ ምሰሶ የማስደገፍ፣ የማይድነውን የማስወረድ ሥልጣን ይኑረው። ክሬንና ረጅም ክንድ ያለው ኤክስካቫተር ካላቸው ተቋራጮች ጋር ዋጋው አስቀድሞ በውል ይወሰን፤ በእሳቱ ሌሊት ድርድር የለምና። ወጪውን በመጀመሪያ ከተማው ይክፈል፣ በኋላ ከባለንብረቱ ወይም ከኢንሹራንሱ ይጠይቅ፤ ሁለቱ እስኪስማሙ እንጠብቅ ከተባለ ግድግዳው አይጠብቅም። ድኻ ባለንብረት ከየት አምጥቶ ይከፍላል የሚሉኝ እውነት አላቸው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ዕዳው በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ሊማር ይችላል፣ የማስወረዱ ትእዛዝ ግን በዚህ ምክንያት አንዲት ሌሊት እንኳ ሊዘገይ አይገባም።