ልጅ የአያቱን ተረት መጽሐፍ ያድርግ

በዋግ ሕምራ በአምደወርቅ አገር፥ ኽምጣንጋ በሚነገርበት ቤት የሚያድግ ልጅ የአያቱን ተረት በዚያው ቋንቋ ይሰማል፤ ዳሩ ግን በቋንቋው ተጽፎ የሚያነበው እምብዛም አያገኝም። ሽማግሌው ባረፉ ጊዜም ተረቱ አብሮ ይቀበራል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ማኅበር በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት ያለ መምህር ቢሰጣቸው፥ ተዘግቶ የነበረውን የፎቶግራፍ መሣሪያ በጥቂት ወራት ራሳቸው ከፈቱት። ልጅ መሣሪያውን ለገዛ ሥራው ማዋል እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ስለዚህ በቤታችን ያለውን የእጅ ስልክ ለዚህ እናውለው። ልጁ አስቀድሞ የአያቱን ድምፅ ይቅዳ፤ ቀጥሎ ቃሉን በፊደል ይጻፍ፤ ሥዕሉንም ሥሎ ፎቶግራፍ ያንሣ። አያቱ ስሕተቱን ያርሙለት፤ እርሱም ለታናናሾቹ ያንብብላቸው።