ጨምቀሽ አትጠጪው!

“በዲምቱ ከተማ ነዋሪ ስሆን ከተዳርኩ ዓመት አልሞላኝም። ደጄ ላይ ለጌጥ የተከልኩት ጤና አዳም ቢጫ አበባ አውጥቶ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየው ነበር። ጎረቤቶቼ ለቡናው፣ ለሃይታ ቱኬው (ለቡና ቅጠሉ መጠጥ) እያሉ ሲቀነጥሱት ግን ግንዱ ሊቀር ምንም አልቀረው። አሁን የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሆዴን ሲቆርጠኝ አማቴ ‘ጤና አዳም ጨምቄ ላጠጣሽ’ ይሉኛል። እምቢ ብል ንቀት እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?”

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ጭማቂውን እንዳትጠጪ! ጤና አዳም ማኅፀንን አኮማትሮ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። በቡናም ቢሆን እስክትወልጂ ይቅርብሽ። ቁርጠቱንም ዝም ብለሽ አትቻይው፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ የሚያውቁትን ነው የሰጡሽ። ስለዚህ “እማዬ፣ አብረን እንሂድ” በያቸውና ነርሷ ራሷ ትንገራቸው። ያኔ እምቢታው ያንቺ አይሆንም።

ወደ ተክሉ ልመለስ። ጤና አዳም በደንብ ከያዙት ለዓመታት የሚቆይ ቁጥቋጦ ነው። ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃ የሚቋጥር መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አትጨርሺ፤ ከየቅርንጫፉ ጫፍ ጫፉን ቅጠፊ፣ በአንድ ጊዜም ከሲሶው አትለፊ። ሲከረከም አረንጓዴ ቅጠል ይትረፍለት፤ ከጎን እያቆጠቆጠ ይደምቃል። ፍሬውን ለበርበሬ ከፈለግሽ ጥቂት አበባ ሳትነኪ ተይለት።

ስትቆርጪ እጅሽን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኚ፤ ስትጨርሺም በሳሙና ታጠቢ። እኔ አንድ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ባዶ እጄን ስከረክም ውዬ፣ በማግስቱ እጄ እሳት እንደነካው ውሃ ቋጠረ። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ልጆችንም አታስነኪ።

ለጎረቤቶችሽ ደግሞ አትቆጪ። ክረምቱ ሲገባ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ቅርንጫፎች ቆርጠሽ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ፣ ለየቤቱ አድያቸው። አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተክለው ሥር እስኪሰድ ጥላ ያድርጉለት። ሁሉም በየደጁ ሲኖረው ያንቺን የሚቀነጥስ አይኖርም።

በሰላም ተገላገይ!