ፍልስፍና በምልልስ ቢጻፍ ምን ይጎድለዋል?

እንደሚታወቀው የምርምር መጽሔቶች ጽሑፍ የሚቀበሉበት የተለመደ ቅርጽ አላቸው፤ አጽሕሮተ ጽሑፍ፣ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። በአንድ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በሌላው እንዲፈተሽ ስለሚረዳ ቅርጹን አንነቅፈውም። ጥያቄያችን ለሳይንስ ፍልስፍናም ግዴታ ሊሆን ይገባል ወይ የሚል ነው።

ኢምሬ ላካቶስ «ማረጋገጫዎችና ማስተባበያዎች» የተሰኘ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 በብሪታንያ የሳይንስ ፍልስፍና መጽሔት ላይ በአራት ክፍል አሳተመ። ጽሑፉ በአንድ ምናባዊ ክፍል ውስጥ መምህርና በግሪክ ፊደላት የተሰየሙ ተማሪዎች የሚያደርጉት ክርክር ነው። መነሻው የኦይለር ቀመር ሲሆን፣ ከአንድ ጠጣር ምስል የማዕዘን ነጥቦች ቁጥር ላይ የጠርዞቹ ተቀንሶ የገጾቹ ሲደመር 2 ይመጣል ይላል። ለኩብ፣ 8 − 12 + 6 = 2። መምህሩ ይህን ሲያረጋግጥ አንድ ተማሪ በሆዱ የኩብ ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ የያዘ ኩብ ያመጣበታል፤ 16 − 24 + 12 = 4። አንዱ ተማሪ ቀመሩ ወድቋል ይላል፤ ሌላው ይህ ከነጭራሹ የሚቆጠር ምስል አይደለም ብሎ ይሟገታል፤ ከማረጋገጫው ውስጥ የትኛው እርምጃ እንደ ሳተ መፈለግም ይጀመራል። እውነተኛው የሒሳብ ታሪክ በግርጌ ማስታወሻ ይከተላል።

የላካቶስ ሐሳብ ሒሳብ የሚያድገው በሙግት ነው የሚል ነው። በተለመደው ቅርጽ ቢጻፍ ኖሮ ስሕተቶቹ ተሰርዘው ውጤቱ ብቻ በቀረ ነበር፤ ሊያሳየን የፈለገው ግን ስሕተቶቹን ነው። ማክስ ብላክም እ.ኤ.አ. በ1952 «ማይንድ» በተባለው መጽሔት ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ሉሎች ብቻ ስላሉበት ዩኒቨርስ የጻፈው በምልልስ ነበር። ስለ ኤሌክትሮኖች ተመሳሳይነት የምትማሩ ብታነቡት አትቆጩም።

በእርግጥ ምልልስ የራሱ አደጋ አለው። ደራሲው ለተቃዋሚው ደካማውን ቃል መርጦ ሊሰጠው ይችላል፤ ገሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ለሲምፕሊቺዮ የሰጠው ድርሻ ፍትሐዊ ነበር ለማለት ይከብዳል። ስለሆነም ገምጋሚው መጠየቅ ያለበት ተቃዋሚው በርትቶ መናገሩን እንጂ መግቢያና መደምደሚያ መኖሩን አይደለም።

እኛም ከወቀሳው አናመልጥም። አንድ ተማሪያችን ስለ ኳንተም መካኒክስ ትርጓሜ የጻፈውን በሁለት ጓደኛሞች ክርክር መልክ ቢያቀርብልን «በደንቡ ጻፍ» ብለን መለስንለት። ታርሞ የመጣው ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር፤ አንደኛው ጓደኛ አንሥቶት ሌላው ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄ ግን ከውስጡ ጠፍቷል። የመጀመሪያውን ቅጂ መልሶ እንዲያመጣልን በቅርቡ ጠይቀነዋል።