ጥርስን ማወቅና ጥርስን መጠበቅ

በቅርቡ በአራተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ፊት ቆመን ስለ ጥርስ ንጽሕና ጥቂት ጥያቄ አቀረብንላቸው። «ጥርስ በቀን ስንት ጊዜ ይጸዳል?» ስንል እጆች ሁሉ በአንድነት ተነሡ፤ «ሁለት ጊዜ፥ ጧትና ማታ!» የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ጥርስን የሚጎዳውስ ምንድር ነው?» ስንል «ከረሜላ፥ ስኳር!» አሉን። መልሱ ሁሉ የቀና ስለ ነበረ ደስ አለን። ቀጥለን ግን «እንግዲያስ ትናንት ማታ ከመተኛቱ በፊት ጥርሱን ያጸዳ እጁን ያንሣ» ባልን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከ40 ከሚበልጡት ልጆች እጃቸውን ያነሡት አምስት ብቻ ነበሩ፤ ከአምስቱም አንዱ ግራና ቀኙን ተመልክቶ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

በንባብ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ያስታውሳል። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ከላይ እስከ ታች በዜማ ሳይሰናከል ይወርደዋል፤ መምህሩ በስንደዶ ከመካከል አንዲቱን ነክቶ «ይህችስ ማን ናት?» ያለው እንደ ሆነ ግን ዐይኑ ይፈዛል። ይህ ልጅ ፊደሉን በቃሉ ይዞታል እንጂ ገና አልለየውም። የተማሪዎቻችንም የጥርስ ዕውቀት እንዲሁ በቃል ብቻ የተያዘ ሆኖ አገኘነው። ጥፋቱም የልጆቹ ብቻ አይደለም፤ እኛ መምህራን በሰሌዳ ጽፈን፥ በፈተና ጠይቀን፥ ማርክ ሰጥተን ነገሩ የተፈጸመ መስሎን ነበርና።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታለፍ አለመሆኑን ለመረዳት የስድስት ዓመት ልጅ አፍ መመልከት ይበቃል። ሕፃን 20 የወተት ጥርሶች አሉት፤ እነዚህም ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየተራ እየወለቁ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ። ነገር ግን በዚያው ዕድሜ ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተኋላ፥ ከላይም ከታችም፥ በግራም በቀኝም፥ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። እነዚህ ሲመጡ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ መምጣታቸውን አያውቅም፤ ቢያያቸውም የወተት ጥርስ መስለውት «ወልቀው ሌላ ይበቅላል» ብሎ ይተዋቸዋል። እነርሱ ግን ምትክ የላቸውም። ልጁ እስኪሸመግል ድረስ እህል የሚያላምጥባቸው እነርሱ ናቸው፤ በላያቸው ያለው ሸንተረር ጥልቅ ስለ ሆነም ምግብ ይቀርባቸዋል፥ በቶሎም ይበሰብሳሉ።

የመበስበሱም ምክንያት ብዙ ሰው እንደሚለው ትል አይደለም። በጥርስ ላይ የሚኖሩ፥ በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን እያሟሟ ይቦረቡረዋል። ምራቅ ይህን አሲድ አለዝቦ ጥርሱን እንዲጠግን ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ መደጋገሙ ይበልጥ ይጎዳል፤ ከምሳ ጋር አንድ ጊዜ ጣፋጭ ከበላው ልጅ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ በጉንጩ ይዞ የሚውለው በብርቱ ይጎዳል። ሌሊት ደግሞ ምራቅ ስለሚቀንስ፥ ሳይጸዳ ያደረ ጥርስ ጠባቂ እንደ ሌለው ማሳ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ የወተት ጥርሳቸው የበሰበሰባቸው ሕፃናት በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ገልጿል።

እጁን ያወረደውን ልጅ ከትምህርት በኋላ ለብቻው ጠርተን ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ አንገቱን ደፍቶ «እኔ በመፋቂያ ነው የፋቅሁት፤ በመጽሐፉ ላይ ያለው ግን ብሩሽ ነው» አለን። እነሆ፥ ሥራውን በእውነት ከሠሩት ጥቂቶች መካከል ያፈረው እርሱ ነበረ!

በዚያው ሰሞን ቀድሞ ተማሪያችን የነበረች፥ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና የምትማር ወጣት ለዕረፍት መጥታ ነበርና ወደ ክፍሉ ጋበዝናት። ለልጁም በጓደኞቹ ፊት መልስ ሰጠችው። የወይራ ወይም የልምጭ መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ ከለሰለሰ በኋላ የጥርሱን ውጭና ውስጥ፥ የኋላ መንጋጋዎቹንም ጭምር ካዳረሰ በሚገባ እንደሚያጸዳ ነገረችው፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የሚሰጠውን ጥበቃ ግን መፋቂያ ብቻውን ስለማይሰጥ ሁለቱን ማስተባበር እንደሚሻል አስረዳችው። ልጁም ቀና አለ።

ከዚያ በኋላ በመምህራን ማረፊያ ሻይ እየጠጣን «ልጄ፥ ከስተሻል፤ ትምህርቱ እንዴት ነው?» አልናት። «ጋሼ፥ መጽሐፉ አልከበደኝም» አለችን። «የከበደኝ በሕክምናው ክፍል የምንሠራው ነው። ለማለፍ የተወሰነውን ሥራ በሕመምተኛ ላይ ሠርቼ መፈጸም አለብኝ፤ ሕመምተኛው ግን ሕመሙ ጋብ ሲልለት ሳይጨረስለት ይቀራል፤ እኔም ሌላ ሰው እጠብቃለሁ። ሌሊቱን ሻይ በስኳር እየደጋገምሁ አጠናለሁ፤ ሲደክመኝ በመጽሐፉ ላይ እተኛለሁ። ባለፈው ወር መምህሬ ጥርሴን ቢመለከቱ አንዱ መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ተገኘ። ለሰው የማስተምረው እኔ!» ይህን ስትል ሳቀች፤ ዐይኖቿ ግን እንባ አቅርረው ነበር። ለቤተ ሰቧ ነግራ እንደ ሆነ ብንጠይቃት «ስደውል የሚጠይቁኝ ውጤቴን ነው» አለችን።

ከአራተኛ ክፍሉ ልጅ እስከ ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ ድረስ ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀት ብቻውን ጥርስን አይጠብቅም። ዕውቀትን ወደ ሥራ የሚያደርሰው ልማድ ነው፤ ልማድንም የሚተክለውና የሚደግፈው ቤተ ሰብ ነው። ልጁን ሩቅ አገር ልኮ የሚያስተምር ወላጅ ከውጤቱ አስቀድሞ «በልተሃል? ተኝተሃል?» ብሎ ይጠይቅ። በተማሪዎች እጅ ሕክምና የጀመረ ሰውም ቀጠሮውን ቢያከብር የራሱን ጥርስ ከማዳኑም በላይ የሰው ልጅ ከትምህርቱ ወደ ኋላ እንዳይቀር ይረዳል።

በየቤታችንም የሚከተለውን እንድናደርግ እንመክራለን። አንደኛ፥ ልጁ 6 ዓመት ሲሞላው አፉን ወደ ብርሃን አስከፍተን አዲሶቹን መንጋጋዎች እንፈልግ፤ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ከታየ ሕመም ሳንጠብቅ ለሐኪም እናሳይ። በጊዜ የታየ ጥርስ ይሞላል፤ የዘገየ ይነቀላል። ሁለተኛ፥ ማታ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ጥርሱ ይጽዳ፤ 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሆነውም ወላጅ በእጁ ይርዳው። ሳሙናው 3 ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ፥ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል፤ ልጁም አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውሃ አይጉመጥመጥ። ሦስተኛ፥ ጣፋጭ ነገር ከምግብ ጋር ይሁን፤ በመካከሉ ልጁ ቢጠማው ውሃ ይጠጣ።

አራተኛ፥ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ አብጦ ቢታይ «የወተት ጥርሱ ነው» ብሎ ማስወጣት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ደም ያፈሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ከሥር ያለውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል፤ ተቅማጡን ግን አያቆምም። እንዲህ ያለውን ሕፃን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

በስምጥ ሸለቆ የሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ነገር ይወቁልን። በዚያ በብዙ ስፍራ የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ያልፋል፤ በሕፃንነቱ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ በልዞ ይበቅላል። ይህን ልጅ «ጥርስህን አትፍቅም» ብሎ መዝለፍ በደል ነው።

እኛም በክፍላችን «በቀን ስንት ጊዜ?» ብሎ መጠየቅን ትተን በየሰኞው «ትናንት ማታስ?» ማለት ጀምረናል። ባለፈው ሰኞ የተነሡት እጆች ገና የክፍሉን ግማሽ አልደረሱም፤ ያ ልጅ ግን እጁን አላወረደም። ወላጆች ሆይ፥ የቀሩትን እጆች የምታስነሡልን እናንተ ናችሁና ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ሳይተኙ አንድ ጊዜ ጠይቋቸው።