ለተቆረጠ ነርቭ የትኛው ክር ይሻላል?

ለዛሬ ስለ ክር እናወጋችኋለን። የልብስ ክር ሳይሆን ሐኪም የተቆረጠ ነርቭ የሚሰፋበትን ክር ማለታችን ነው። በቆንጨራ፣ በቆርቆሮ ወይም በጠርሙስ ስባሪ እጁን የሚቆረጥ ሰው በመካከላችን ስለማይጠፋ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

በእኛ አነጋገር ደም የሚሄድበትንም፣ ጅማቱንም፣ ነርቩንም ደርበን «ሥር» እንላለን። ነርቭ ግን ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርስ፣ ሕመምና ሙቀትን ደግሞ ወደ አንጎል የሚያሳውቅ ነው። ሲቆረጥ ጣት ይደነዝዛል፤ ወይም አልታዘዝ ይላል።

ወደ ክሩ እንምጣ። ሐር ለመቋጠር ይመቻል፤ ነገር ግን ሰውነት ስለሚቆጣበት ጠባሳ ያበዛል። ጠባሳ ደግሞ ለሚያድግ ነርቭ መንገድ ይዘጋል። ናይሎን ለስላሳ ስለሆነና ሰውነትን ብዙም ስለማያስቆጣ ሐኪሞች አዘውትረው የሚመርጡት እሱን ነው። ለጣት ነርቭ የሚውለው ከፀጉር የቀጠነ በመሆኑ በማጉያ መነጽር ወይም በማይክሮስኮፕ ይሰፋል። ፖሊግላክቲን የሚባለው ክር በሁለት ወር ገደማ ሟሙቶ ይጠፋል፤ እየሟሟ ሳለ ግን ጥቂት ሊያስቆጣ ይችላል። ከደም ከሚገኝ ፋይብሪን የሚሠራ ሙጫም አለ። ያንግና ሜዳዋር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ነርቭ ማያያዝን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1940 ነበር። ሙጫው ሥራውን ያፈጥናል፤ ጉተታን ግን እንደ ክር አይችልም።

ታዲያ የቱ ይበልጣል? ከክሩ ዓይነት ይልቅ ስፌቱ አለመወጠሩ ይበልጣል። የቪየናው ሐኪም ሚሌሲ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳስረዱት፣ ጫፎቹ ከተራራቁ በግድ ጎትቶ ከማገናኘት ከእግር ቀጭን ነርቭ ወስዶ በመካከል መቀጠል ይሻላል።

እኛስ ምን እናድርግ? ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገን ይዘን በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ እንሂድ። የማደንዘዣ መርፌ ሳይወጋን በፊት ጣቶቻችንን አንድ በአንድ እንንካ፤ የደነዘዘ ካለ «ይሄ ጣቴ አይሰማኝም» ብለን አፍ አውጥተን እንናገር። ቋንቋ ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠራልን። ቆዳው ተሰፋ ማለት ነርቩ ተሰፋ ማለት አይደለምና፣ ሪፈራል እንጠይቅ። ቀኑ ባለፈ ቁጥር ጥገናው ይከብዳል፤ የዘገየም ቢሆን ግን ተስፋ ቆርጦ አይቅር።

ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከእጅ አንጓ ጣት ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እስከዚያው የደነዘዘ እጅ እሳት አያውቅም! እናቶች፣ የድስቱን ትኩሳት በደህናው እጃችሁ ሞክሩ። ልጆችም የታዘዘላቸውን የጣት እንቅስቃሴ እንዳይተዉ እንከታተላቸው።

ቸር ይግጠመን።